ከሪኩለምስ ወይስ ከሪኩላ? መምህራን ወይስ መምህራኖች?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ባነርና መጥሪያ የምናትም ልጆች ነን። ለአንድ ሥልጠና ባነር ታዘን ነበር። የእንግሊዝኛው መስመር «ከሪኩለምስ» (ሥርዓተ ትምህርቶች ለማለት) ይላል። አንዱ ደንበኛ «ከሪኩላ በለው እንጂ፣ ልታሳፍረን ነው?» አለኝ። አብሮት የመጣው ደግሞ «ሁለቱም ይባላል፣ ዝም ብለህ አትም» አለ። ሥራ ቆሞ ክርክር ሆነ። ከሥሩ ያለው የአማርኛ መስመር «ለመምህራኖች የተዘጋጀ» ይላል፤ እሷን ግን ማንም ዞር ብሎ አላያትም። በየትኛው ልሂድ? እንግሊዝኛስ አንዴ የላቲኑን፣ አንዴ የራሱን ብዙ ቁጥር የሚይዘው በምን ሕግ ነው?

ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር (ደሴ፣ ሆጤ)፦
ወንድሜ፣ ሁለተኛው ደንበኛህ አልተሳሳተም። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ይቀበላል። የትምህርት ሰዎች ግን «ከሪኩላ» ማለት ይቀናቸዋል፤ ባነሩን የሚያነቡት እነሱ ስለሆኑ እሱን አትምላቸው።

ሕጉን ከጠየቅክ፣ እንደ ሂሳብ ቁርጥ ያለ ሕግ የለውም። እንግሊዝኛ ከላቲንና ከግሪክ ብዙ ቃል ወስዷል፤ አንዳንዱን ከነብዙ ቁጥሩ ነው የወሰደው። ከዚያ በኋላ ቃሉ የት ዋለ የሚለው ይወስናል። ሰው በየቀኑ የሚጠራው ቃል ኤስ ተለጥፎበት ያርፋል፦ አልበምስ፣ ሙዚየምስ፣ ቦነሰስ፣ ካምፓሰስ። «ካምፓይ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። በመማሪያ ክፍልና በቤተ ሙከራ የቀረው ቃል የጥንቱን ይዞ ይቆያል፦ ክራይቴሪያ፣ ፊኖሚና፣ ባክቴሪያ። ጆሮም ድርሻ አለው። «ክራይሲስ» ላይ ሌላ «ሰስ» ቢደረብበት ምላስ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው በጥንቱ ደንብ «ክራይሲዝ» ይላል።

እኔን ደስ የሚለኝ ግን ሁለቱም ብዙ ቁጥር በሕይወት ቆይተው ሥራ የተከፋፈሉበት ቦታ ነው። አንቴናን ውሰድ። በነፍሳት ራስ ላይ ያለው ሲበዛ «አንቴኒ» ይባላል፤ ጣሪያ ላይ የምንተክለው «አንቴናስ»። ኢንዴክስም እንዲሁ ነው። በመጽሐፍ መጨረሻ ያለው የቃላት መጠቆሚያ «ኢንዴክሰስ» ሲሆን፣ በሂሳብ ከቁጥሩ ራስጌ የምትጻፈዋ ትንሿ ቁጥር «ኢንዲሲዝ» ናት። አፔንዲክስ የመጽሐፍ አባሪ ከሆነ «አፔንዲሲዝ» ነው፤ ሐኪም ቆርጦ የሚያወጣው ትርፍ አንጀት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ «አፔንዲክሰስ» ይሉታል። «ሚዲያ» ጋዜጣና ቴሌቪዥን ነው። «ሚዲየምስ» ካልክ ግን ሙታን እናነጋግራለን የሚሉ ሰዎችን ስብሰባ እንደጠራህ ሊቆጠርብህ ይችላል። ይቺን ባነር ላይ ጠንቀቅ በል!

የሚያስቀው ኦክቶፐስ፣ ያ ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። መጨረሻው ላቲን ስለሚመስል ብዙ ሰው «ኦክቶፓይ» ይላል፤ የተማረም ይመስለዋል። ቃሉ ግን የግሪክ ነው። ጥንቱን እንከተል ከተባለ «ኦክቶፖዲስ» ነበር መባል ያለበት። «ኦክቶፐሰስ» ብሎ መገላገል ይሻላል። «ኦክቶፓይ» ማለት እኮ ባጃጅን «ባጃጃት» ብሎ እንደማብዛት ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)፦
ባጃጃት! ሞትኩ! «ባጃጃት ማቆም ክልክል ነው» የሚል ነገ አሳትሜ ግቢያችን በር ላይ ልለጥፍ ነው። ግን ጋሼ፣ «መምህራኖችን» ዘለሏት እኮ።

ጡረተኛው መምህር፦
አልዘለልኳትም። ግዕዙን ለሚያውቀው ትቼለት ነው። የታለ የቅኔው ልጅ?

የቅኔ ቤት ልጅ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦
አለሁ ጋሼ። አዎ፣ «መምህራን» ብሎ ሲጨርስ በዝቷል። «አን» የግዕዝ ማብዣ ናት፣ «ኦች» የአማርኛ። ባነሩ ላይ «መምህራን» ይበቃል። «መምህሮች» ቢባልም ስህተት የለበትም፤ ለባነር ትንሽ የሻይ ቤት ወሬ ይመስላል እንጂ።

ድርብ ብዙ ሁሉ ነውር ነው ከሚሉት ጋር ግን አልስማማም። ንጉሥ ሲበዛ ነገሥት ነው፤ «ንጉሠ ነገሥት» የምንለው ለዚህ ነው። ታዲያ «ነገሥታት» ምንድን ነው? በብዙ ላይ ሌላ ብዙ ነው። ደብር አድባር ይሆናል፣ አድባርም ተመልሶ አድባራት ይሆናል። ይህን ያደረገው ግዕዝ ራሱ ነው። «ቃላቶች» የሚል ሰው ሲያዩ ቱግ የሚሉ ወዳጆቻችን «ነገሥታት» ሲሉ ቅር አይላቸውም። እኔም ለጽሑፍ «ቃላት» እመርጣለሁ፤ ግን ምርጫዬ የአጻጻፍ ወግ ስለሆነ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ቃላት» ውስጥ ያለውን ማብዣ ካልሰማው የራሱን ቢጨምርበት ምን ይገርማል?

ከዚህ የባሰም አለ። «አህጉር» በግዕዝ የሀገር ብዙ ነው፤ አገሮች ማለት ነው። ዛሬ «አህጉራችን አፍሪካ» ስንል አንድ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሲበዛ «አህጉራት» ወይም «አህጉሮች» እንላለን፤ ማንም አይቆጣም። «ሠራዊት»ም የሠርዌ ብዙ ነበር፤ አሁን «ሠራዊቱ መጣ» ነው የሚባለው።

ጋሼ ያሉት የሥራ ክፍፍል እኛም ጋ ሞልቷል። ሕዝብ ሲበዛ በግዕዝ «አሕዛብ»፣ በአማርኛ «ሕዝቦች» ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል። እዚያ ቦታ ላይ የግዕዙን ብታስገባ አገሩን በሙሉ አረመኔ አደረግከው! «አበው» እና «አባቶች»ም ዕጣቸው ያው ነው። ተረት ስንጠቅስ «አበው ሲተርቱ» እንላለን። የትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ግን «አበው ወደ አዳራሽ ግቡ» ብትል ሰው መቃብር ቤት የገባ ይመስለዋል።

ጡረተኛው መምህር፦
ግሩም ነው። በእንግሊዝኛም ድርቡ በሽ ነው። «ቺልድረን»ን እዩት። በድሮው እንግሊዝኛ ቃሉ በ«ር» ነበር የሚበዛው። ያ ለጆሮ ሲጠፋ በላዩ ላይ «ኤን» ጨመሩበት። ሌላም አለ። ኪሩብ በዕብራይስጥ ሲበዛ «ኪሩቢም» ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ዘፍጥረት 3፡24 ላይ «ቼሩቢምስ» ይላል። ሊቃውንት ተሰብስበው የተረጎሙት ነው እንግዲህ። እኛ ደግሞ «ኪሩቤል» ብለን ለአንድ ልጅ ስም እናወጣለን።

እንደ አህጉር ብዙ ሆኖ ገብቶ ነጠላ የሆነውም አይጠፋም። «አጀንዳ» በላቲን መሠራት ያለባቸው ነገሮች ማለት ነው፤ አሁን አንድ አጀንዳ፣ ሁለት አጀንዳዎች። «ኦፔራ» የኦፐስ (ሥራ) ብዙ ነበር። «ዳታ»ም የዴተም ብዙ ነው፤ አንዳንድ የሳይንስ ጽሑፎች እስከ ዛሬ በብዙ ግሥ ያስኬዱታል። «ዳታዬ አለቀ» ለሚል ልጅ ግን ይህን ብትነግረው ካርድ አይሞላለትም።

ደረሳ (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦
ወላሂ ይሄ ነገር እኛንም ነካን። ዐረብኛውን ማንም አላነሳውም።

ወሎ ውስጥ «እሳቸው እኮ አውሊያ ነበሩ» ይባላል፣ ስለ አንድ ሸኽ። በዐረብኛ አንዱ «ወሊይ» (የአላህ ወዳጅ) ነው፤ «አውሊያ» ብዙ ነው። እኛ አንድ አድርገነው፣ ሲበዛ «አውሊያዎች» እንላለን። «ሶሃባ» (የነቢዩ ባልደረቦች) ብዙ ነው፤ «ሶሃቦች» ይባላል። «ኡለማ» የዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) ብዙ ነው፤ «ኡለማዎች» እንላለን። «መላኢካ»ም ብዙ ነው፤ ሰዉ ግን ጂብሪልን ብቻውን «መላኢካ» ይለዋል። የቅኔው ወንድሜ «መላእክቶች» ሲባል እንደሚሰማው ማለት ነው፤ ሥሩም አንድ ነው።

ደግሞ ሁሉም እንዲህ አይደለም። «ኪታብ» ሲበዛ «ኩቱብ» አንልም፣ «ኪታቦች» ነው። «መስጂድ»ም «መስጂዶች»። ብዙውን ጊዜ አብረው የሚጠሩ ሰዎችና መላእክት ከነዐረብኛው ብዛታቸው ገቡ፤ አንድ በአንድ የሚቆጠር ዕቃና ቤት ግን በነጠላው ገባ። እኔ እንዲያ ይመስለኛል። «ሸሆች» እና «መሻይኾች»ም ልዩነት አላቸው፤ ሁለተኛው ከበድ ይላል፣ የአክብሮት ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
«ቺፕሶች»ስ? እንግሊዝኛው በዝቶ መጥቶ እኛ አበዛነው። «ስፓጌቲ»ም ጣሊያንኛው ብዙ ነው አሉ። ሆቴል ገብቼ «አንድ ስፓጌቶ» ልበል እንዴ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በል፣ አስተናጋጁ አስቆ ይመልስሃል።

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
አበሽሩ፣ እናመሰግናለን። «ከሪኩላ» እና «መምህራን» ብዬ ላትም ነው። ግን ሌላ ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ደንበኛው «ለርእሰ መምህራን» ነው ያለው፣ እኔ ደግሞ ቢሮ በሚመጣ ደብዳቤ ላይ «ርእሳነ መምህራን» የሚል አይቻለሁ። ሌላው፣ ባነሩ ላይ «ክፍለ ከተሞች» ልጻፍ ወይስ «ክፍላተ ከተማ»?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ርእሳነ መምህራን» በለው። በግዕዝ ዘርፍ ሲያያዝ መብዛት ያለበት ፊተኛው ነው፤ የበዙት ርእሶቹ ናቸውና። «ርእሰ መምህራን» ብለህ ከተውከው ብዙ መምህራን ያሉት አንድ አለቃ ሊመስል ይችላል። የትምህርት ቤት ሰው ይህን ቃል በየደብዳቤው ስለሚያየው አይከብደውም።

ጡረተኛው መምህር፦
እንግሊዝኛም ከፈረንሳይኛ በመጣው «አተርኒ ጄኔራል» (ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ) ላይ እንዲሁ ያደርጋል፤ «አተርኒስ ጄኔራል» ብሎ ፊተኛውን ያበዛል። በወሬ ግን ብዙ ሰው ኤሱን መጨረሻ ላይ ይለጥፈዋል። ሁለተኛውን ጥያቄ ለእኔ ተወው። «ክፍለ ከተሞች» ብለህ አትም። «ክፍላተ ከተማ» ግዕዙ ልክ ነው፤ ባነሩን ያነበበ ሰው ሁሉ ግን ምን ማለት እንደሆነ ሊጠይቅህ ይደውላል።