«ና» እያልን ጊዜ ስጠው ማለት ይቻላል?

ጥያቄውን ያነሣው፦ ረቡዕ ማታ በምንሰበሰብበት ቤት ጸሎታችንን ሁልጊዜ የምንዘጋው «አሜን፥ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፥ ና» ብለን ነው። ባለፈው ሳምንት ከጎኔ የተቀመጡት እናታችን ግን የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ዝም አሉ። ስንወጣ ምን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። «ልጄ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ 9 ዓመቱ ነው። ጌታ ዛሬ ቢመጣ ልጄ የት ሊወድቅብኝ ነው? በየትኛው አፌ ‹ና› ልበል?» አሉኝ። ይህንን የማነሣው ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። የጌታን መምጣት የሚናፍቅ ሰው ስለ ሌላው «ትንሽ ጊዜ ስጠው» ብሎ መማለድ ይችላል? ወይስ አንዱ ጸሎት ሌላውን ያፈርሰዋል? እኔ ይችላል ባይ ነኝ፤ ግን የሚሞግተኝ እፈልጋለሁ።

ሽማግሌው፦ እንግዲያውስ እኔ ልሙገትህ። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስን ሲደመድም፥ በግሪክኛ በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ አንድ የአራማይክ ቃል ሳይተረጉም ትቶታል፤ «ማራናታ»፥ «ጌታችን ሆይ፥ ና» ማለት ነው። የቆሮንቶስ ሰዎች ቃሉን ያውቁት ስለነበር ነው፤ የዘወትር ጸሎታቸው ነበርና። ዛሬ እኛ የምንቀበላቸውን የጸሎት ርዕሶች ተመልከቱ፦ ቪዛ፥ የኮንዶሚኒየም ዕጣ፥ የደም ግፊት። ተሰሎንቄን ደግሞ አስቡ። ያሶንን ከቤቱ ጎትተው ሹማምንቱ ፊት ያቆሙበት፥ ዋስ አስይዘው የለቀቁበት ከተማ ነው። ጳውሎስ በመጀመሪያው ደብዳቤ፥ በምዕራፍ 3 ላይ ስለ እነዚህ ሰዎች ሲጸልይ መከራው እንዲነሣላቸው አልለመነም። ጌታ ከቅዱሳኑ ጋር ሲመጣ ልባቸው በቅድስና ያለ ነቀፋ ጸንቶ እንዲገኝ ለመነ። ስለ ሌላ ሰው የሚጸለየው እንዲህ ነው፤ ቀኑ እንዲርቅለት ሳይሆን ለቀኑ እንዲደርስ።

ነርሷ፦ ጋሼ፥ በአክብሮት ልናገር፤ የዚያኑ ጸሎት መጀመሪያ ዘለሉት። ከቅድስናው በፊት ፊታቸውን ለማየት ሌሊትና ቀን እንደሚለምን ይናገራል፤ እግዚአብሔር ወደ እነርሱ የሚወስደውን መንገድ እንዲያቀናለት ይጠይቃል። ይህ እኮ የጉዞ ጸሎት ነው። ለፊልጵስዩስ ሰዎችም በምዕራፍ 1 «ለክርስቶስ ቀን» ንጹሓን እንዲሆኑ ይጸልይና በምዕራፍ 2 ኤጳፍሮዲጡስ ታሞ ለሞት እንደቀረበ ይነግራቸዋል። እግዚአብሔር ማረው፤ በኀዘን ላይ ኀዘን እንዳይደረብብኝ እኔንም ማረኝ ይላል። ያንን ቀን አጥብቆ የሚጠብቀው ሰው ወዳጁ ሲታመምበት «ግድ የለም፥ ጌታ ሊመጣ ነው» አላለም። እኔ የሌሊት ተረኛ ስሆን የኦክስጅን ጭምብሉን ገፋ አድርጎ «ጸልዪልኝ» የሚለኝ ታማሚ ያጋጥመኛል። ለነፍስህ ነው ለሳንባህ ብዬ አልጠይቀውም። እጁን ይዤ ለሁለቱም እጸልያለሁ።

ሽማግሌው፦ ልጄ፥ በዚህ አርመሽኛል፤ እቀበላለሁ። የወንድማችን ጥያቄ ግን ስለ ሳንባ አይደለም። «ጊዜ ስጠው» ያለ ሰው በሌላ አነጋገር «ገና አትምጣ» ብሏል። አንድ አንደበት ሁለቱን እንዴት ይሸከማል? መልስ ያላገኘሁለት ይህ ነው።

ዲያቆኑ፦ የእናንተ ጉባኤ አባል ባልሆንም የሰፈር ልጅ ነኝና ፍቀዱልኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ ማቴዎስ 24 ተነብቦ የጌታ ዳግም ምጽአት ይሰበካል። በጸሎተ ሃይማኖትም በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ ዳግመኛ እንደሚመጣ እንመሰክራለን። ያው አንደበት ግን ስለ ዝናሙ፥ ስለ ወንዙ ውኃ፥ ስለ ምድር ፍሬ ይማልዳል። አያቶቻችን ሰማይ ዛሬ ሊከፈት ይችላል ብለው እያመኑ የዘንድሮውን ጤፍ ለምነዋል።

ስለ ጊዜ ግን ሉቃስ 13ን እዩ። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ያጣባትን በለስ ቍረጣት አለ። አትክልተኛው «በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት» ብሎ ማለደላት። «ዳግመኛ እንዳትመጣ» አላለውም፤ እንደሚመለስ ያውቃል። አብርሃምም ፍርዱ ወደ ሰዶም እየሄደ ሳለ ከተማይቱ ስለ ጻድቃን እንድትተርፍ «ጌታዬ አይቆጣ» እያለ ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 ወረደ እንጂ አልተገሠጸም። 2ኛ ጴጥሮስ 3ም ሁለቱን አንድ ላይ ይዟቸዋል፤ ቍጥር 9 ጌታ የሚታገሠው ማንም እንዳይጠፋ ነው ሲል፥ ቍጥር 12 ቀኑን እየጠበቃችሁና እያስቸኰላችሁ ኑሩ ይላል። የእናታችን ልመና ጌታ ራሱ የሚታገሥበትን ምክንያት መልሶ ለእርሱ መንገር ነው።

በነገራችን ላይ ጳውሎስ በእስራቱ ስላላፈረበት ስለ ሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን» ምሕረት እንዲያገኝ ጸልዮአል። ሰውየው በዚያ ጊዜ በሕይወት ነበር ወይስ አርፎ ነበር፥ ስለዚህም ላረፈ ሰው ይጸለያል ወይ በሚለው እኛና እናንተ እንለያያለን።

ጥያቄውን ያነሣው፦ ዲያቆን፥ የሄኔሲፎሩን ነገር ለብቻው እንመለስበት፤ ትልቅ ክርክር ስለሆነ ይህንን ይውጥብናል።

ሽማግሌው፦ በለሷን በሌላ ዓይን አየኋት፤ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን እንዳናልፍ። አትክልተኛው ለምኖ አልተቀመጠም። ዙሪያዋን እኮተኵታለሁ፥ ፋንድያ አፈስሳለሁ ብሎ ነው ጊዜ የጠየቀው። ጊዜውም አንድ ዓመት ነው፤ ካላፈራች ትቈረጣለች። እኛ «ጊዜ ስጠው» ብለን በተሰጠው ጊዜ ምን ሠራን? ያንን ልጅ እኔው ነኝ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኩት። የመዝሙር ደብተሩን በጋዜጣ ለብዶ፥ ጥጉን በሙጫ ለጥፎ ይመጣ ነበር። በ9 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልደወልኩለትም። ስሙን ግን በየረቡዑ እጠራለሁ።

ነርሷ፦ እኔም አልደወልኩም፥ ጋሼ።

ጥያቄውን ያነሣው፦ እንግዲህ የማምነውን ልናገር። ሉቃስ 18 ላይ ያለችው መበለት ዳኛውን የነዘነዘችው ስለ ክስ ጉዳይ ነው፤ ከባላጋራዬ ፍረድልኝ ብላ። ጌታ ግን ታሪኩን የጨረሰው ስለ ራሱ መምጣት በመጠየቅ ነው፤ የሰው ልጅ በመጣ ጊዜ በምድር እምነትን ያገኝ ይሆንን? በዚያ ቦታ የሚፈልገው እምነት በሩን ማንኳኳት ያልተወ ሰው ነው። እናታችን 9 ዓመት አንኳኵተዋል። ስለዚህ በዚያች ምሽት «ና» ካልነው ከእኛ ይልቅ ጌታን የሚጠብቁት ዝም ያሉት እርሳቸው ይመስሉኛል። ሁለቱ ጸሎቶች አይጣሉም። የሚጣሉት የሰው ስም ሳንይዝ «ና» ስንል ነው።

የዛሬው ረቡዕ ጸሎታችን በዝርዝሩ ይጀምራል። እያንዳንዱን ስም ጠርተን፥ በመጨረሻ የልጁን ስም ጠርተን «ማራናታ» እንላለን። እናታችን አብረውን ባይሉ ማንም ቀና ብሎ አይመልከታቸው።

ሽማግሌው፦ የልጁን ስልክ ቍጥር ከእናቱ ተቀብያለሁ። ከሥራ የሚወጣው በ11 ሰዓት ነው አሉኝ፤ ያን ጊዜ እደውልለታለሁ።