ተመኑ ካልጨመረ ማስታወቂያው «የታክስ ጭማሪ» የሚለው ለምንድን ነው? (ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ)

ጥያቄ፦ የስፕሪንግፊልድ ነዋሪ
ጤና ይስጥልኝ። ካውንቲው ለበጀት ስብሰባው ያወጣውን ማስታወቂያ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሆኖም የቤት ታክሱ ተመን ባለበት እንደሚቀጥል ከገለጸ በኋላ ዝቅ ብሎ «የታክስ ጭማሪ» ማለቱ ሊገባኝ አልቻለም። የቤታችን ግምት (ካውንቲው ለታክስ የሚተምነው ዋጋ) ከፍ ማለቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ደርሶናል። ቅሬታዬን በኤፕሪሉ ስብሰባ ላይ ማቅረብ እችላለሁ ወይስ ነገሩ አስቀድሞ ያለቀለት ነው?

መልስ፦ ሒሳብ አዋቂው
ወንድሜ፣ ማስታወቂያው አልተሳሳተም። የቨርጂኒያ ሕግ የቤቶች ግምት በመጨመሩ ብቻ የሚገኘውን ተጨማሪ ገቢ እንደ ታክስ ጭማሪ ስለሚቆጥረው፣ ካውንቲው ግምቱ በአማካይ በስንት በመቶ እንዳደገ፣ ያንን ዕድገት ለማካካስ ተመኑ ወደ ስንት መውረድ እንደነበረበት፣ በታቀደው ተመንና በዚህ ዝቅተኛ ተመን መካከል ያለውን ልዩነት፣ እንዲሁም የጠቅላላ በጀቱን ጭማሪ ለይቶ እንዲያሳውቅ ይገደዳል። እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ የማየው ሁለተኛውን ቁጥር፣ ማለትም ተመኑ መውረድ የነበረበትን መጠን ነው።

በ2025 ተመኑ ለ100 ዶላር ግምት ከ1.125 ወደ 1.1225 ዶላር ወርዶ ነበር። ግምቱ ከ600,000 ወደ 640,000 ዶላር ያደገበት ሰው ግን ክፍያው ከ6,750 ወደ 7,184 ዶላር ይወጣል። «ተመን ቀነስን» የሚለው ዜና እውነት ነው፤ የሰውየው ኪስ መጎዳቱም እውነት ነው።

መልስ፦ የአናንዴል እናት
እነዚህ ስብሰባዎች ለይስሙላ የሚደረጉ ይመስለኛል። ተናጋሪው ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ይመሰገናል፣ ቀጣዩ ይጠራል።

መልስ፦ ሒሳብ አዋቂው
እህቴ፣ ስሜትሽን እረዳለሁ፤ ነገር ግን በማስታወቂያ የወጣው ተመን ጣሪያ ነው። በጀቱንና ተመኑን የሚያጸድቀው የካውንቲው ቦርድ ከዚያ በታች ማጽደቅ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ለማጽደቅ ግን እንደገና ማስታወቅ አለበት። በ2024 የ4 ሳንቲም ጭማሪ ታቅዶ የጸደቀው 3 ሳንቲም ነው። ይህ የሆነው በተናጋሪዎች ብቻ ነው ባልልም፣ ከማስታወቂያው እስከ ሜይ መጀመሪያው ማጽደቂያ ድረስ ቁጥሩ የሚነካበት ጊዜ እንዳለ ያሳያል። ሥራ የሚይዘው ሰው አስተያየቱን በጽሑፍ ወይም በቪዲዮ መላክ ይችላል።

መልስ፦ የቤት ሻጭና ገዢ አገናኝ
ጠያቂው ሁለቱን ጉዳዮች ባይቀላቅሏቸው መልካም ነው። በኤፕሪሉ ስብሰባ የሚሰማው ስለ ተመኑና ስለ በጀቱ ነው፤ «የእኔ ቤት ይህን ያህል አያወጣም» የሚል ሰው እዚያ ቢናገር ማንም ግምቱን አይቀንስለትም። ለዚያ መጀመሪያ የታክስ መሥሪያ ቤቱን ማነጋገር፣ ካልተስማሙም እስከ ጁን 1 ድረስ ለይግባኝ ሰሚው ቦርድ ማመልከት ያስፈልጋል። ማስረጃ የሚሆነው በአካባቢው የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋ እንጂ የኑሮ ውድነት አይደለም። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ ወላጆች በስማቸው ቤት ካላቸው ደግሞ፣ ገቢያቸውና ሀብታቸው ከተወሰነው መጠን ካላለፈ የታክስ ቅናሽ ስላለ እሱን መጠየቅ አይዘንጋ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛ ታክሱን የምንከፍለው ከሞርጌጁ (ከቤት ብድሩ) ጋር በባንኩ በኩል ነው፤ የጁላይ 28ቱ እና የዲሴምበር 5ቱ የታክስ ክፍያ በቀጥታ አይመለከተንም ማለት ነው?

መልስ፦ የቤት ሻጭና ገዢ አገናኝ
ባንኩ ይከፍልልዎታል፤ ጭማሪውን ግን ዓመታዊ ሒሳቡን ሲሠራ በወርኃዊ ክፍያዎ ላይ ያክለዋል። ብዙ ሰው ታክሱ መጨመሩን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው፤ ያኔ ደግሞ ስብሰባውም የይግባኙ ቀንም አልፏል።