ልጆች «ጌሙን አጥፋ» ሲባሉ ቤት ለምን ይቀወጣል?

ከዚራ፦ ትምህርት ሲዘጋ ከ7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በድሬ ሙቀት ማን ይወጣል? የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች ፐብጂና ፍሪ ፋየር የሚባሉ የስልክ የተኩስ ጌሞች ላይ ተጥደው ይውላሉ። ምኑ ነው እንዲህ የሚይዛቸው? ስልኩ ላይ ገደብ ማድረግስ ይሠራል?

ሳቢያን፦ አቦ፣ የኦንላይን ጌም እኮ ፖዝ የለውም! ፐብጂ በትልቁ ካርታ 100 ሰው ይዞ አንዱ ዙር ወደ 30 ደቂቃ ይሄዳል፤ ፍሪ ፋየር 50 ሰው ይዞ ወደ 10 ደቂቃ። ልጁ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በስኳድ ነው። መሃል ላይ ስልኩን ስትነጥቀው ሦስቱ አንድ ሰው ጎድሎባቸው ይቀራሉ፣ የሱም ራንክ ይወርዳል፤ ማታ ሲበርድ ሰፈር ወጥቶ የሚሰደበው እሱ ነው። ስለዚህ በዙር ቁረጥለት፦ «ሁለት ፐብጂ፣ በቃ።» «አንድ ሰዓት» ካልከው 55ኛው ደቂቃ ላይ አዲስ ዙር ይጀምርልሃል።

ለገሀሬ፦ ሳቢያን ልክ ነው። ገደቡን በተመለከተ፣ አንድሮይድ ውስጥ ያለው የስልክ ሰዓት መቆጣጠሪያ፣ ዲጂታል ዌልቢዪንግ፣ ለልጅ አይሆንም። ልጁ ራሱ ገብቶ ያነሳዋል፤ ባያነሳውም ሌሊት 6 ሰዓት ላይ እንደ አዲስ መቁጠር ይጀምራል። ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጎግል የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ በራስህ ስልክ ጫን፣ የልጁን ጂሜይል ከአንተ ጋር አገናኝ፣ ከዚያ ለጌሙ ለብቻው የቀን ገደብ፣ ለስልኩ ደግሞ የመኝታ ሰዓት ስጥ። የጌሙን ብቻ ከዘጋህ ዩቲዩብ ላይ ሌላ ሰው ሲጫወት እያየ ያነጋል። በእናቱ ስልክ የሚጫወት ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው።

መጋላ፦ ጌሙ ውስጥ የሚከፈተውን የዕድል ሳጥን ረሳችሁት። ከፍተህ ምን እንደሚወጣ አታውቅም፤ አሥሩ ባዶ ሆኖ አንዱ ቆንጆ ስኪን (የገጸ ባሕሪው ልብስ ወይም የመሣሪያው መልክ) ሲሰጥ ነው እጅ የሚለምደው። ቤልጂየም በ2018 በገንዘብ የሚገዙትን እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ከቁማር ቆጥራቸዋለች። የቴሌብር ፒን ለልጅ አይነገርም። ዩሲ፣ ማለትም የፐብጂን የውስጥ ገንዘብ፣ ለማስሞላት የሚያስፈልገው የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ፓስወርድ የጠየቀ ሻጭ አካውንቱን ሊወስድ ነው። ስፒከሩንና ማይኩንም ከ«ሁሉም» ወደ «ቡድን» አዙሩት፣ ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰው ስድብ ቤት አይገባም።

ከዚራ፦ እሺ፣ ታዲያ ሱስ ነው ማለት ነው?

ሳቢያን፦ ክረምት ሙሉ መጫወቱ ብቻውን ሱስ አያሰኘውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ሦስት ነገር ይታያል፦ ማቆም ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግብ፣ ከትምህርትና ከሰው ሲቀድምበት፣ እየጎዳውም ሲቀጥል። እሱም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ሲቆይ ነው። ማታ ኳስ ሊጫወት የሚወጣ ልጅ እዚያ ውስጥ የለም።