ዚፕ ድራይቭ ከማኪንቶሽ ፕላስ ጋር አልገናኝ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ማክ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። አባቴ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በማኪንቶሽ ፕላስ (የድሮ የአፕል ኮምፒውተር) ፍሎፒዎች ላይ ናቸው፣ ሳይበላሹብኝ ወደ ዚፕ ዲስክ (ከፍሎፒ ብዙ የሚይዝ ተነቃይ ዲስክ) ልገለብጣቸው ፈልጌ ነው። ማሽኑ እዚህ አራት ኪሎ ቤታችን ነው ያለው። የ110 ቮልት ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የማበራው፣ ደህና ይነሳል።

መጀመሪያ ከመርካቶ የገዛሁት ዚፕ 100 የፓራለል (በፒሲ የፕሪንተር መሰኪያ የሚሠራ) ሆኖ ተገኘ፤ መሰኪያው እንደ ማክ ፕላስ ስካዚ (SCSI፣ ውጫዊ ዲስክ የሚገናኝበት መሰኪያ) ባለ 25 ፒን ስለሆነ ተሸወድኩ። ሁለተኛው ግን ከጀርባው የስካዚ ቁጥር (5 ወይም 6) መምረጫና የተርሚኔሽን (የስካዚውን መስመር መጨረሻ የሚዘጋ) ማብሪያ አለው፣ ስለዚህ ስካዚ ነው። 5 ላይ አድርጌ ተርሚኔሽኑን አበራሁ። አረንጓዴው መብራት ይበራል፣ ዲስኩ ሲሽከረከር ይሰማኛል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይመጣም።

ድራይቨሩ (ማኩ ዚፑን እንዲያውቀው የሚያደርገው ሶፍትዌር) ስላልተጫነ ይመስለኛል። ያገኘሁት በ1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ነው፣ ማክ ፕላስ ደግሞ ከ800 ኪሎባይት በላይ አያነብም። የፒሲ ፍሎፒ ድራይቭ የማክን 800 ኪሎባይት ፍሎፒ መጻፍ አይችልም፣ ሞክሬ ደክሞኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ የ1.44 ፍሎፒ የሚያነብ የድሮ ማክ ያለው ሰው አለ? ድራይቨሩን በ800 ፍሎፒ ቢገለብጥልኝ ይበቃኛል። ባዶ ፍሎፒ ይዤ ያላችሁበት እመጣለሁ። ሌላ መንገድ ካለም ንገሩኝ።