ሬትሮ ላይ ጀማሪዎቹ ዝም ይላሉ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሰባት ሆነን የሱቅ ዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንሠራለን፤ ቲም ሊዱ (የቡድኑ መሪ) እኔ ነኝ። በየሁለት ሳምንቱ ስፕሪንት (የሥራ ዙር) ሲያልቅ ዓርብ ከሰዓት ለሬትሮ፣ ማለትም በዙሩ እንዴት እንደሠራን ለመገምገም፣ እንቀመጣለን። «ምን ጥሩ ነበር? ምን ይስተካከል?» እላለሁ። ሁለቱ ሲኒየሮች ያወራሉ፣ ጀማሪዎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ቅሬታው ሁሌም ያው ነው፦ ኮድ ሪቪው (አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አይቶ አስተያየት መስጠቱ) ይዘገያል። ሦስት ጊዜ ተነጋገርንበት፤ ምንም አልተለወጠም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ተስፋ እንዳይቆርጡብኝ ሰግቻለሁ።

መልስ (ከሳቢያን)
አቦ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይረው። በድሬ ሙቀት ዓርብ ከሰዓት ማን ያስባል? እኛ ስፕሪንቱ ረቡዕ ማታ እንዲዘጋ አድርገን ሬትሮውን ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አመጣነው።

መልስ (ከሐረር)
ሰዓቱ ይረዳል። ግን ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ ደፍሮ አይቃወምም፤ አስተዳደጋችን ነው። ስለዚህ ከማውራታችሁ በፊት ጻፉ። ለሁሉም ቁራጭ ወረቀት ስጥ፣ 7 ደቂቃ በዝምታ ይጻፉ፣ ስም አይኑር። አንተ ሰብስበህ አንብብ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ለጥፍ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አስፈላጊ በሚላቸው ወረቀቶች ላይ ሦስት ነጥብ ያድርግ፣ ብዙ ነጥብ ባገኘው ላይ ብቻ ተወያዩ። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት ላይ «ሪቪው ላይ የሚጻፍልኝ አስተያየት ስለሚያሳፍረኝ ኮዴን አዘገያለሁ» የሚል ወጣ። ይህን ማንም በአፉ አይነግርህም። የእጅ ጽሑፍ ስለሚታወቅ አሁን የምንሞላው በጉግል ፎርም ነው።

መልስ (ከድሬዳዋ፣ መጋላ)
ሦስት ጊዜ ተነጋግራችሁ ያልተለወጠው ባለቤት ስለሌለው ነው። «ሪቪው እናፍጥን» ብሎ መለያየት አይበቃም። አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ለምሳሌ «ከስታንድአፕ (ከዕለቱ አጭር የቡድን ስብሰባ) በኋላ በየቀኑ 30 ደቂቃ ለሪቪው»። ማን እንደሚከታተለው ተጽፎ እንደማንኛውም ታስክ ጂራ (የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር) ላይ ይግባ። ቀጣዩ ሬትሮ «ያ ነገር ተሠራ ወይ?» በሚል ይጀመር። ርዝመቱን በተመለከተ፣ የስክራም (በስፕሪንት የመሥራት ዘዴ) መመሪያ ለአንድ ወር ስፕሪንት ቢበዛ 3 ሰዓት ይላል። ለእናንተ አንድ ሰዓት ይበቃል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሲኒየሮቹ ወረቀቱ ሲነበብ ቢከፉስ?

መልስ (ከሐረር)
ቀድመህ ቡና ጋብዛቸውና ለብቻ አናግራቸው። ስለ ሰው ሳይሆን ስለ አሠራር ብቻ እንደሚጻፍ ንገራቸው። እነሱም የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች ይጻፉ። የእኛዎቹ ካሰብኩት በላይ ቀላል ሆነውልኛል።

ጠያቂው
እሺ፣ ነገ ቡናውን እጋብዛለሁ። ሐሙስ ጠዋት እንሞክረውና ውጤቱን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።