የኤሌክትሪክ ትራክተሬ አንዱ ባትሪ ሌሎቹን እየጎተተብኝ ነው፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1970ዎቹ የሠራው ኢሌክ-ትራክ የሚባል የኤሌክትሪክ ሣር ማጨጃ ትራክተር አለኝ። በጣም ነው የምወደው። ስድስት ባለ 6 ቮልት የአሲድ ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 36 ቮልት ይሰጡታል።

አምና ግቢዬን በሙሉ አጭዶ ኃይል ይተርፈው ነበር። አሁን 15 ደቂቃ ሳይሞላው ይደክማል። ትንሽ ዳገት ካገኘማ ቀጥ ይላል።

ሌሊቱን ቻርጅ አድርጌ፣ ጥቂት ሰዓት አሳርፌ በቴስተር ለካሁ። አምስቱ 6.3 ናቸው፤ አራተኛው ግን 6.1። ልዩነቱ ትንሽ መስሎኝ ነበር። ማጨጃውን ሳስነሳው ግን ያ ባትሪ ወደ 4 ወረደ፤ ሌሎቹ ከ5.8 በታች አላሉም። የአሲዱን ጥግግት በሚለካው መሣሪያ፣ በሃይድሮሜትር፣ ሳየው ከባትሪው ሦስት ሴሎች (ክፍሎች) ሁለቱ የዳር ሴሎች 1.260 ሲያሳዩ የመሃለኛው 1.140 ላይ ቀረ። አሲዱም ደፍረስ ብሏል።

እውነቱን ልናገር፣ ክረምቱን ሙሉ ቻርጅ ሳላደርገው ጋራዥ ውስጥ ነው ያቆየሁት። በጸደይ ክዳኑን ስከፍት ውሃው ከሳህኖቹ በታች ወርዶ አገኘሁት። ወዲያው የተጣራ ውሃ ሞላሁበት። ሰልፌት (ሳህኖቹ ላይ የሚጋገር ጠጣር ነገር) ይዞት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ገመዶቹንና ተርሚናሎቹን በቤኪንግ ሶዳ አጥቤ አጥብቄያለሁ፤ ለውጥ የለም።

ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ሴሎቹን የሚያመጣጥን ረጅም ቻርጅ ይህን ሴል ያድነዋል? ወይስ አንዱን ብቻ ልቀይር? አዲስ ባትሪ ከአሮጌዎቹ ጋር ከተቀላቀለ ቶሎ ይበላሻል ይባላል። ስድስቱን በአንዴ መግዛት ደግሞ ለኪሴ ከባድ ነው። የጎልፍ መኪና ባትሪ የምትጠግኑ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምን ላድርግ?