ለጀማሪ የትኛው የዓሣ ገንዳ ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ ባሕር ዳር ነኝ። ለልጄ ዓሣ ቤት ውስጥ ላሳድግላት ፈልጌ ምርጫው ላይ ቆሜያለሁ። 20 ሊትር የሚይዝ ክብ ብርጭቆ ልግዛ ወይስ 60 ሊትር አራት ማዕዘን? ትልቁ ላይ ልቤ ያዘነብላል፤ ዓሣው የሚያወጣው አሞኒያ (መርዛማ ቆሻሻ) በብዙ ውሃ ውስጥ ስለሚሳሳ ቶሎ አይጎዳውም። ግን ውሃው ብቻውን 60 ኪሎ ነው፣ የቤቴ መደርደሪያ ደግሞ ቀጭን እንጨት። ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ መብራት ነው። ሲጠፋ ማጣሪያውም የአየር ፓምፑም ይቆማል፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ማሳደሩስ ይበቃል? ከጣና ትንሽ አምባዛ አምጣ የሚሉኝ አሉ፤ እሱ እኮ ከሜትር በላይ የሚያድግ አዳኝ ነው፣ አልሰማቸውም። በጉፒ፣ በዚያች ትንሽ የጌጥ ዓሣ፣ ልጀምር? እባካችሁ፣ በእጃችሁ ያሳደጋችሁ ሰዎች ምከሩኝ።